በሲዝኑ መጨረሻ ለአጋዘን የት ልቀመጥ? (ሰሜን ቨርጂኒያ)

የዉድብሪጁ

ሰላም ወገን። ምክር ፈልጌ ነው፤ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምታድኑ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ኖቬምበር የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ስለ ዲሴምበር መጨረሻ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ዝም ይላል፣ ወይም «ምግብ ያለበት ቁጭ በል» ብሎ ያልፋል። ምግቡ የት እንዳለማ አውቃለሁ።

ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መሬታቸው ላይ እንዳድን በጽሑፍ ፈቅደውልኛል። መሬቱን ላስረዳችሁ። በሰሜን በኩል ተረተር አለ፤ አናቱ ላይ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ናቸው። ከተረተሩ ወደ ደቡብ የሚወርደው ተዳፋት በጥድና በቁጥቋጦ የታፈነ ነው፣ ውስጡ ከገባህ ከአስር እርምጃ በላይ አታይም። ከተዳፋቱ ግርጌ የስንዴ ማሳ አለ። በመከር የተዘራ ስለሆነ አሁን አረንጓዴ ሆኖ ምድሩን ሸፍኖታል። ከማሳው በስተደቡብ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ትንሽ ወንዝ። ከወንዙ ማዶ በቆሎ ነበር፣ ታጭዷል፤ የወዳደቀ ፍሬ ግን አሁንም ይገኛል። መኪናዬን የማቆመው በምዕራብ በኩል፣ ከበረቱ አጠገብ ነው። ከዚያ በማሳው ዳር በእግሬ እገባለሁ።

ኖቬምበርን ያሳለፍኩት ተረተሩ ላይ ባለው ማማዬ ነው። ያኔ ወንዶቹ ሴቶቹን እያሳደዱ ሲሮጡ ቀኑን ሙሉ እንቅስቃሴ ነበር። አሁን እዚያ ላይ ምንም የለም። ካሜራዬ የሚያሳየኝ አጋዘኖቹ ስንዴው ላይ እየመጡ መሆኑን ነው፤ ግን አብዛኞቹ የሚደርሱት ከጨለመ በኋላ ነው።

ሦስት ቦታ ይታየኛል። አንደኛው ያው የድሮው ማማ። ሁለተኛው ተዳፋቱ ላይ ከጥዱ ጥሻ ጠርዝ፤ ዱካውም በጠጡም እዚያ ይበዛል፣ መሄጃቸው መሬቱን አርሶታል ማለት ይቻላል። ሦስተኛው የማሳው ታችኛ ጥግ፣ ወደ ወንዙ። የማድነው በጠመንጃ ነው፤ እስከ መቶ ያርድ ድረስ በራሴ እተማመናለሁ።

ጊዜዬ አጭር ነው። እኛ ጋ የጠመንጃው ሲዝን በጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይዘጋል። በሳምንቱ መሃል እሠራለሁ፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ ወጥቼ እስክደርስ ከሰዓት ይሆናል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል።

ዱካ ተከታይ

ወንድሜ፣ አቅጣጫውን ሁሉ ስለጻፍክ ጎበዝ። ብዙ ሰው «ጫካ አለ፣ ማሳ አለ» ብሎ ይጠይቅና ሰሜኑ የት እንደሆነ እንኳን አይናገርም።

ማማውን ለጊዜው ተወው። በኖቬምበር አጋማሽ ወንዱ ሆዱን ረስቶ ሴት ተከትሎ ተረተር ለተረተር ሲዞር ይከርማል። ያ ወቅት ሲያልፍ ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚያሳስበው ሁለት ነገር ነው፦ መብላትና ጉልበት መቆጠብ። ከሚውልበት ጥሻ ይነሳል፣ አጭሩን መንገድ ይዞ ምግቡ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ተኝቶ ያመሰኳል። በእርግጥ በኖቬምበር ያልፀነሱ ሴቶች ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ትንሽ ሩጫ ልታይ ትችላለህ። ግን እሱን ተማምነህ ቦታ አትምረጥ።

የደቡቡ ተዳፋት ለምን እንደተወደደ ግልጽ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትዞር ያንን ፊት ቀኑን ሙሉ ታሞቀዋለች። ጥዱ ደግሞ ቅጠሉን ስለማያረግፍ ከንፋስና ከበረዶ ይከልላል። ሌላም ነገር አለ። በዚህ ወቅት ብርድ ይዞ የሚመጣው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ነው። አጋዘኑ ተረተሩን ከጀርባው አድርጎ ይተኛል፤ ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫው ያውቃል፣ ከፊቱ ያለውን ቁልቁለት በዓይኑ ያያል። ቅጠሉ ረግፎ ሁሉ ነገር ገላጣ በሆነበት ጊዜ ወደዚህ ጥሻ ጠርዝ በእግርህ መጥተህ ሳይታወቅብህ መቀመጥ በጣም ከባድ ነው። ዱካውና በጠጡ እዚያ የሚበዛው እኮ ስለሚኖሩበት ነው። መኖሪያቸው ውስጥ አንድ ቀን ከደነበሩ በቀረችህ ጥቂት ጊዜ ውስጥ አይመለሱልህም። ስለዚህ ሁለተኛውም ይቅር።

ሰው ቦታ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያስበው አጋዘኑ በየት እንደሚመጣ ነው። እኔ በሲዝኑ መጨረሻ መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ራሴ በየት እንደምገባ፣ ከዚያም በበለጠ ከጨለመ በኋላ በየት እንደምወጣ ነው። የሚያምር ቦታ ሆኖ መውጫ ከሌለው አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲተኮስባቸው የከረሙ እንስሳት ናቸው፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጡህም።

ስለዚህ ሦስተኛው፣ ግን ጥጉን ለይተህ። የማሳው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ተቀመጥ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲሆን ጠረንህ ከጀርባህ ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል እንጂ ማሳው ላይ አይወድቅም። ምሽት ላይ ነፋሱ ሲረጋ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርድና የወንዙን ሸለቆ ይዞ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፤ ጠረንህንም አብሮ ይወስድልሃል። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ትንበያው «ነፋስ የለም» ቢልህም አየሩ አይቆምም። ጠዋት ፀሐይ ስታሞቀው ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ማታ ከነሱ በላይ ከተቀመጥክ ጠረንህ ራሳቸው ላይ ነው የሚፈስባቸው።

መኪናህን የምታቆምበትን ቦታ ግን መቀየር አለብህ። ከምዕራብ ተነስተህ በማሳው ዳር ስትሄድ ነፋሱ አንተን ነክቶ በማሳው ላይ ያልፋል፤ እግርህ የረገጠበትም ላይ ጠረንህ ለሰዓታት ይቆያል። በምሥራቅ በኩል በር ወይም የትራክተር መንገድ ካለ ሽማግሌውን ጠይቃቸው። ከዚያ በወንዙ ዳርቻ፣ ከማሳው ዝቅ ብለህ፣ ውሃው እየጮኸልህ ትገባለህ።

ስትወጣም በዚያው ነው። ችግሩ ሲጨልም አጋዘኖቹ ማሳው ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል፤ ብድግ ካልክ ያዩሃል። ለዚህ ጥሩ መላ አለ። ገበሬው ፈቃደኛ ከሆኑ ስልክ ደውልላቸውና በመኪናቸው ማሳው ድረስ ይምጡልህ። የገበሬ መኪና የለመዱት ነገር ነው፤ ዞር ይላሉ እንጂ አንተ ከተቀመጥክበት ቦታ ጋር አያያይዙትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ጥግ ስትተኩስ ፊትህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚሆን ከአጋዘኑ ጀርባ ያለው ተዳፋቱ ነው፣ ጥይቱን አፈር ይቀበለዋል። ተረተሩ አናት ላይ ሰማይ ከጀርባው ሆኖ የቆመን ግን አትተኩስበት፤ ከወዲያ ማን እንዳለ አታውቅም።

የደጋ ልጅ

በመግቢያና በመውጫው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከላይ የተጻፈውን ሁለቴ አንብቡት። በቦታው ግን አልስማማም።

ወንድማችን ራሱ ጽፎታል፦ ካሜራው የሚያሳየው ከጨለመ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚፈቀደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲዝኑ ሊያልቅበት ነው፤ አጋዘኖቹ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ በሰላም እራታቸውን ይበላሉ።

ተኩስ የለመደ አጋዘን ገላጣ ሜዳ ላይ ቀን አይወጣም። ከጥሻው ግን በጊዜ ይነሳል። ተነስቶ ምን ያደርጋል? በጥሻውና በማሳው መካከል ባለው ሳሳ ባለ ጫካ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ያገኘውን እየቀነጠበ መምሸቱን ይጠብቃል። መቀመጥ ያለብህ እዚያ ነው። ከማሳው ሃምሳ ስልሳ ያርድ ገባ ብሎ፣ ከጥሻው ግን ራቅ ብሎ።

እንዴት ታውቀዋለህ? ዛፎቹን እይ። ነጩ ኦክ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ክብ ክብ ነው፤ ፍሬው ስለሚጣፍጥ በመከር ወራት ጠራርገው ይበሉታል፣ የቀረውም ያኔውኑ ይበቅላል። ቀዩ ኦክ ግን ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ሹል ነው። ፍሬው መራራ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይተዉታል፤ የሚበቅለውም በፀደይ ስለሆነ ዲሴምበር ላይ ሳይበላሽ መሬት ላይ ታገኘዋለህ። የሚሻል ነገር ሲያልቅ ወደሱ ይመለሳሉ። ተዳፋቱ ግርጌ ላይ ቀይ ኦክ ካለና ሥሩ ያለው ቅጠል ተገላብጦ፣ ትኩስ በጠጥ ካየህ ቦታህን አገኘህ ማለት ነው። ሃኒሰክል የሚባለውን ሐረግም ፈልግ። ቨርጂኒያ ውስጥ በብርዱም አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ እየጎተቱ ይበሉታል፤ ጫፉ የተነጨ መሆኑን ታየዋለህ። ላይኛው ጥርስ ከፊት ስለሌላቸው ሲቆርጡ ንጹሕ አይቆርጡም፣ ይቦጭቁታል። በጥርስ በሰላ ተቆርጦ ካየህ ጥንቸል ነው።

ማማ ደግሞ አሁን አትስቀል። ብረት ሲንኳኳ በዚህ ደረቅ አየር ሩቅ ይሰማል፤ ቅጠል በሌለበት ዛፍ ላይ ደግሞ የሰው ቅርጽ ከሩቅ ጎልቶ ይታያል። የወደቀ ግንድ ወይም ዝቅ ያለ ጥድ ፈልግና ከጀርባህ አድርገው፣ መሬት ላይ ቁጭ በል።

ዱካ ተከታይ

የደጋ ልጅ የተናገርከው ስለ ቀዩ ኦክ ትክክል ነው። እኔ የምፈራው ግን ሰዓቱን ነው። ያ ቦታ አጋዘን የሚያልፍበት ሳይሆን የሚቆምበት ነው፤ አንዷ እናት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዙሪያውን ስታነፈንፍ ቆይታ ነፋሱ አንዴ ዞር ካለ ጉዳዩ አለቀ። ጥሻው ቅርብ ነው፣ ከነሱ መሃል ተነስተህ መውጣትም አትችልም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ጥጉ ላይ ሆኜ ዓይኔን እጠቀማለሁ። ከዚያ ሆኖ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ጫካው ውስጥ የት እንደሚቆሙ በመነጽር ይታያል። ቅጠል የለም እኮ። ያንተን ቦታ ለመጨረሻው ቅዳሜ አስቀምጠዋለሁ። ያን ቀን ቢደነብሩም ሲዝኑ አብሮ ያልቃል።

ሚኒሶታ ነኝ

ከሩቅ ነው የምጽፈው ይቅርታ፣ ግን አንድ ነገር አልተነሳም።

እኛ ጋ የቀስት ሲዝን እስከ ዲሴምበር 31 ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እኔና ባለቤቴ አብረን ነው የምንወጣው። ብዙ ጊዜ አዳኝ ቦታ ላይ ይከራከራል፣ ቀኑን ግን በሥራ ፈረቃው ይወስናል። በሲዝኑ መጨረሻ ቀን መምረጥ ከቦታ አይተናነስም። ሙቀቱ በአንድ ሌሊት ሃያ ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ፣ ወይም በረዶ ሊጥል ሲል ከሱ በፊት ባለው ከሰዓት፣ ወይም ጥሎ ካባራ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ሲቀዘቅዝ፣ አጋዘን በጊዜ ይወጣል። ያ ከጨለመ በኋላ ብቻ ይመጣል የምትለው መንጋ ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ላይ ታየዋለህ። ብርዱ ውስጣቸውን ለማሞቅ ብዙ ስለሚያስበላቸው መጠበቅ አይችሉም። ቀኑ ሞቅ ካለ ግን የክረምት ፀጉራቸው ወፍራም ስለሆነ ይተኛሉ እንጂ አይንቀሳቀሱም።

ወንድሜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነኝ ብለሃል። እሺ፤ ሁለቱም ሞቃት ከሆኑ ሁለቱንም አትሂድ። ቤትህ ዋል። ሞቃት ቀን ሄዶ ጠረን ጥሎ መምጣት የሚቀጥለውን ጥሩ ቀን ያበላሻል። የዓመት ፈቃድ ካለህ ደግሞ ግማሽ ቀኑን ለብርዱ ቀን አውጣው፣ ከሰዓት ብቻ ይበቃሃል።

ጠዋት መሄድ በዚህ ወቅት እኔ አልወድም። በጨለማ ስትገባ እነሱ ማሳው ላይ ናቸው፤ ወይ ታስደነግጣቸዋለህ፣ ወይ ወደ ጥሻው ሲመለሱ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ። ከሰዓት ግን ተኝተዋል፣ አንተ ቀስ ብለህ ትገባለህ። ከቅዳሴ በኋላ መድረስህ እንዲያውም ጠቅሞሃል።

በረዶ ከጣለ ደግሞ መሬቱ መጽሐፍ ይሆንልሃል፤ ትናንት ማታ በየት ወጥተው በየት እንደተመለሱ ኮቴያቸውን ታነበዋለህ። ግን የረጋ በረዶ ላይ ስትራመድ የሚያሰማው ድምፅ ከባድ ነው። አንተ የምትቀመጥበትን ቦታ አስቀድሞ ቅጠሉንም በረዶውንም እስከ አፈሩ መጥረግ ይጠቅማል፤ እግርህን ብታንቀሳቅስ አይሰማም። ልብሱን ደግሞ ስትሄድ አትልበሰው፣ ተሸክመህ ሂድ። ላብህ ከነካው ስትቀመጥ ያንዘፈዝፍሃል፣ የሚንዘፈዘፍ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁም የግል መሬት ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ የማድነው የሕዝብ መሬት ላይ ነው፤ ግሪን ሪጅ ደን፣ ሜሪላንድ ምዕራብ። እንደኔ ያለ ሰው ይህን ካነበበ ትንሽ ልበል።

እዚያ ስንዴ የለም፣ በቆሎ የለም። ሰው ደግሞ ሞልቷል። እኔ መጀመሪያ የማየው የአጋዘን ዱካ ሳይሆን የሰው ዱካ ነው፦ መኪና የሚቆምበት፣ የቡትስ ኮቴ፣ ዛፍ ላይ የታሰረ ምልክት። አብዛኛው ሰው መንገድ ይዞ ሽቅብ ወደ ተረተሩ ይሄዳል። ኖቬምበር ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ አጋዘኖቹ ሰው ወደማይደርስበት ይሸሻሉ፤ ያ ግን የግድ ሩቅ ማለት አይደለም። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሁሉም ትቶት የሚያልፈው እሾሃማ ጥሻ ሊሆን ይችላል። ወንዝ መሻገር የሚጠይቅ ትንሽ ቁራጭ መሬት ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ዓመት በፊት ዛፍ የተቆረጠበትን ቦታም ፈልጉ፤ አዲስ የበቀለው ቡቃያ ምግባቸውም መደበቂያቸውም ነው።

ጃንዋሪ ውስጥ እኛ ጋ በተወሰኑ ካውንቲዎች ጥቂት የጠመንጃ ቀናት አሉ፤ ካርታውን አይታችሁ ውጡ። የምግብ ማስቀመጥ ነገር ደግሞ እንዳትሳሳቱ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የግል መሬት ላይ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፣ የመንግሥት መሬት ላይ ግን ክልክል ነው። ቨርጂኒያ በቆሎ ከረጢት ዘርግፎ እሱ ላይ መጠበቅ ሕገወጥ ነው። ገበሬው የዘራው ስንዴና ሲያጭድ የወደቀው በቆሎ ግን ችግር የለውም፣ ያ ግብርና ነው።

የጓዳ ሰው

ስለ ቦታው አላውቅም፣ ሥጋው ግን እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ያድናል።

ሲዝኑ የሚያልቀው ገና ላይ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ሥጋው ደርሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ይህንንም አስቡ፦ ወድቆ የምታገኙበትና በቶሎ ጎትታችሁ የምታወጡበት ይሁን። ሌሊቱን ጥሻ ውስጥ ያደረ ሥጋ፣ ሆድ ዕቃው ካልወጣ፣ በብርድም ይበላሻል። ደግሞ ክትፎ ላድርገው የምትሉ፣ የዱር ሥጋ በጥሬው አይሁን። የተፈጨው እስከ 160 ፋራናይት ይብሰል። ስብ ስለሌለው በደንብ በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ በጣም ይጥማል።

የአጋዘን አንጎል የሚያጠቃው ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ መብሰል አይገድለውም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ናሙና የሚሰጥባቸው ቦታዎች ስላሉ አስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ከካውንቲ ወደ ካውንቲ ማጓጓዝም ሕግ አለው።

ይበላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ደግሞ፣ አጋዘን በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ተቆጥሯል፤ በዘሌዋውያን 17፥13 ደግሞ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደነው ይላል። የቀረውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የዉድብሪጁ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ሽማግሌውን ዛሬ ደውዬ አናገርኳቸው። በምሥራቅ በኩል የትራክተር በር አለ፣ ክፈተው ዝጋው ብቻ አሉኝ። ማታ በመኪና መጥቼ አስነሳልሃለሁም ብለዋል፤ እንዲያውም ደስ ነው ያላቸው፣ አጋዘኖቹ ስንዴያቸውን እየጨረሱባቸው ነው። ሴት ብትመታ ይሻላል አሉኝ፣ እኔም እንደዚያው ነው የማስበው፤ ቤታችን የሚፈልገው ሥጋ እንጂ ቀንድ አይደለም።

ቀዩን ኦክ በመነጽር ከወንዙ ማዶ ሆኜ አየሁት። የደጋ ልጅ እንዳለው ነው፣ ግርጌው ላይ ሦስት ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ሥራቸው ያለው ቅጠል ሁሉ ተገላብጧል። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ቅዳሜ ቀዝቃዛና ሰሜን ምዕራብ ነው ይላል፤ ጥጉ ላይ እሆናለሁ። እሑድ ግን ከደቡብ ይነፍሳል ነው የሚለው። ያን ቀን ምን ይሻላል? ሌላ ጥግ አለ ወይስ ልተወው?

ዱካ ተከታይ

በደቡብ ነፋስ ማሳው ላይም ወንዙ ማዶም እንዳትቀመጥ። ጠረንህ በቀጥታ ጥሻው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቅዳሜን ያተረፍከውን እሑድ ታጣዋለህ።

ያን ቀን ተረተሩ ላይ ያለው ማማህ ነው የሚሠራው፣ ግን አገባብህ ይለያል። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ጠረንህ ከአንተ ወደ ሰሜን፣ ከጥሻው ተቃራኒ ይሄዳል። እነሱ ደግሞ ወደ ኦኩ የሚወጡት ከደቡብ፣ ከፊትህ ነው። መጀመሪያ አናቱ ላይ ካሉት ዛፎች ውስጥ ቀይ ኦክ መኖሩን አረጋግጥ፤ ሁሉም ነጭ ከሆኑ ለመውጣት ምክንያት የላቸውም፣ ቤትህ ዋል።

መግባት ያለብህ ከሰሜን ነው። በማሳው በኩል ሽቅብ ከወጣህ ጥሻውን አቋርጠህ ነው የምታልፈው። በሰሜን በኩል ያለው የሌላ ሰው መሬት ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቅ እንዳትረግጥ፤ ለማለፍ ብቻ እንኳን ቢሆን ፈቃዱን ያዝ። ደቡብ ነፋስ ሙቀት ይዞ ስለሚመጣ ብዙ አትጠብቅ፣ እህታችን ከሚኒሶታ ያለችውም እሱን ነው። ማሰሪያህን ከመሬት ሳትለቅ ጀምረህ እሰረው፣ የማማውንም ቀበቶ ከመውጣትህ በፊት ፈትሸው፣ ከኖቬምበር ጀምሮ ብርድና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከርሟል። ብርቱካናማውን ልብስም እንዳትረሳ፣ የጠመንጃ ሲዝን እስከሆነ ድረስ ግዴታ ነው።

ቅዳሜ ማታ ምን እንዳየህ ጻፍልን። በተለይ መጀመሪያ የወጣችው በየትኛው ጥግ እንደሆነ።